ይቀየር ወይስ ይቅር

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ይህ ደብተር የመኪና ወንበር ልክ መጻፊያዬ ነው። ከፊት በኩል ቢገለጥ "መደገፊያ 62፣ መቀመጫ 120፣ ጠርዙ ጥቁር" እያለ ይሄዳል። ከዛሬ ጀምሮ ገልብጬ ከጀርባው የሆዴን እጽፍበታለሁ። ምክሩ የልጄ ነው። "እማዬ፣ ከስፌት ማሽኑ ጋር ስታወሪ ሰማሁሽ፤ ከምታወሪ ጻፊው" አለችኝ። ከማሽን ጋር ማውራት ደግሞ ምን ነውር አለው? አይመልስ፣ አያኮርፍ፣ ለጎረቤት አይናገር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ምን ሊጽፍ ነው ብዬ ነበር፤ ግን የሚያነበው የለ፣ ማን ሊያርመኝ!

ባለቤቴ ከታመመ ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ስትሮክ ነው ያሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፣ ምላሱም ተሳሰረ። ያ ሁሉ ተረበኛ ሰው ዛሬ ውሃ ለመጠየቅ ግንባሩን ያልበዋል።

መኪናዋም እንደሱው ተኝታለች። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ መኪና ናት፤ ሞተሯ፣ ቀለሟ፣ የወንበሯ ቆዳ ሳይቀር ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነው። ሊያሳድሳት ጋራዥ አስገብቶ፣ ተፈታትታ ሳለች እሱ ወደቀ። ሁለቱም ተፈትተው ቀሩ ማለት ነው። ይቺን ቀልድ ለማንም አልነገርኩም።

ዛሬ ቡሎን ደወለ። መካኒኩ ነው፤ አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ አንዴ የያዘውን ነገር የማይለቅ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ቡሎን ይለዋል፣ እሱም አቤት ይላል። "እትዬ፣ ወለሉን ዝገት ጨርሶታል። በድሮው ቅርጽ ልበይደው ወይስ ልጅዎ ላለችው አውቶማቲክ ካምቢዮ ልቁረጠው? አንዴ ከቆረጥኩ መመለሻ የለኝም። ዝናቡም በሸራው ስር እየገባ ነው" አለኝ።

"ልጠይቅና ልንገርህ" አልኩት። "ማንን?" አላለኝም። ደግ ሰው ነው።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ጉባኤ ተቀመጥን። ጉባኤ ስል ልጄ፣ ዋርሳዬና እኔ፤ ባለቤቴ በትራስ ተደግፎ መሃል።

ዋርሳዬ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በአፌ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ በሆዴ ግን ስማቸው ኦሪጅናል ነው። ስለ መኪናዋ ሲያወሩ በየአፍታው "ኦሪጅናል" ካላሉ ትንፋሻቸው አይወጣም።

"ይቺ የአባታችን መኪና ናት። ወደነበረችበት ትመለስ፣ አለቀ። አንድ ቡሎን ከተቀየረ መኪና መሆኗ ቀረ፣ ቆርቆሮ ናት" አሉ። መካኒኩን ማለታቸው አይደለም።

ልጄ ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት፣ እሳት። "አባዬ በምን ይውጣ? ታክሲ ውስጥ አይገባ፣ እግሩ አይታጠፍ። የዚች በር ሰፊ ነው። የሱ ወንበር ወደ ውጭ እንዲዞር እናሠራለን፣ ካምቢዮዋን አውቶማቲክ እናደርገዋለን፣ እኔ እነዳለሁ።"

"ማርሽ መቀየር ተማሪያ!"

"እኔ ማርሽ እስክማር አባዬ አልጋ ላይ ይጠብቃል፣ አጎቴ?"

"እንግዲያው ባለቤቱ ይናገር" አሉ ጋሼ። ጠጋ ብለው፣ ጆሮው የታመመ ይመስል እየጮኹ፣ "ወንድሜ! ካምቢዮው ይቀየር ወይስ ይቅር?"

ባለቤቴ እሳቸውን አላያቸውም። እኔን ነው ያየው። ከንፈሩ ወደ ግራ ተጎተተ፣ ምራቁን ዋጠ። "ይቅ... ር።"

"ይቅር አለ! ሰማችሁ? ይቅር!" አሉ ጋሼ እያጨበጨቡ።

"ይቀየር ነው ያለው! መሃሉን ውጦት ነው እንጂ!" አለች ልጄ።

የኛ ነገር! ከቋንቋው ሁሉ መርጠው፣ ለተሳሰረ ምላስ አንድ የሚሆኑ ሁለት ቃላት አቀረቡለት። "ይታደስ ወይስ ይለወጥ" ቢሉት ምን ነበረበት?

ሲጨቃጨቁ ቆይተው ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። "የሱን ቋንቋ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያለውን አንቺ ንገሪን" አሉ ጋሼ። ልጄም "እማዬ ያለችውን እቀበላለሁ" አለች። በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም፣ እኔን እግር ከወርች ለማሰር ግን ባንድ አፍ ተስማሙ። ቡሎን የተከራየውን ግቢ የሚለቀው ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ሥራውን ለመጨረስ እስከ ነሐሴ 15 መልስ ይፈልጋል።

ምን አለ? ስለ ካምቢዮው ነው ያለው። የተጠየቀው ስለ ካምቢዮው አይደል?

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

አንሶላ ሁለቴ ታጠበ። ስድስት የሚኒባስ ወንበር ልብስ ለነገ ይፈለጋል። ጋሼ ሁለቴ ደወሉ። "አልሰማሽም ገና?" "ገና ነኝ ጋሼ።" እሱን ላገላብጥ ስጎነበስ ወገቤ ቀጭ አለ። ጥቁር ክር አልቋል። ዝናብ።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ልጄ ላቦራቶሪ ውስጥ በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ዛሬ እረፍቷ ስለሆነ አባቷን ለሷ ትቼ የወንበሩን ልክ ልወስድ ጋራዥ ሄድኩ።

ሸራው ሲገለጥ አሳዘነችኝ። መብራቶቿ ወልቀው፣ በሮቿ ግድግዳ ተደግፈው፣ መነጽሯ የጠፋባት አሮጊት መስላለች። የፊት ወንበሯ እንደ ሶፋ አንድ ወጥ ነው፤ ወደፊት ከሳቡት ሹፌሩም ተሳፋሪውም አብረው ይሳባሉ። በባለቤቴ ቁመት ተስተካክሎ ሠላሳ ዓመት አልተነካም። ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ፤ ልክ ለመውሰድ። እግሬ ፔዳሉ ጋ አይደርስም፣ በጣቴ ጫፍ እንኳ።

"እትዬ፣ በተሳፋሪው ወገን ቢለኩትም እኮ ያው ነው" አለ ቡሎን።

"የሹፌሩ ወገን ነው የተጎዳው።"

"የቱ ጋ? ከኔ ጉንጭ ይለሰልሳል እኮ!"

ሳቅን። ትንሽ ቆይቼ ወረድኩ። ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ስለረገበ ወንበሩን ፈቶ ቤት እንዲያመጣልኝ ተነጋገርን።

መንዳት አልተማርኩም። አንዴ ጠይቄው ነበር። "አንቺ ወንበሩን ስፊ፣ እኔ ልንዳ" ብሎ ሳቀ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ልማዴ ነው።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ልጄ ዘዴ ፈጠረች። "አባዬ፣ አዎ ከሆነ ግራ እጅህን አንሳ። እሺ?" እጁን አነሳ።

"መኪናዋ እንደ ድሮዋ ትታደስ?" እጁ ጭኑ ላይ ቀረ።

"ትለወጥ?" ቀረ።

"ትሸጥ?" ቀረ።

"ውሃ ትፈልጋለህ?" ሽቅብ!

ውሃውን ሰጠችው። አፉን ጠረገችለት። "እና ምን እናድርጋት ታዲያ?" ስትለው ወደ ማሽኔ ዞረ። እኔ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር።

"ይቅ... ር።"

"ይኸው፣ ይቀየር!" አለች። ከዚያ የኔን ፊት አየች። "አይደለም እንዴ እማዬ?"

"ማሽኑ ይጮኻል፣ ደህና አልሰማሁም" አልኳት።

ማሽኑን አቁሜው ነበር።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ዛሬ የሕክምና ቀጠሮ ነበረው። ሦስት ታክሲ ቆመ፣ ሦስቱም እሱን አይተው ሄዱ። አራተኛው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "እናቴ፣ ወንበሬን ያበላሽብኛል" አለኝ። ወንበሩን አየሁት። የሰፋሁት እኔ ነኝ! የራሴን ጠርዝ አላጣውም። "ይሄ እኮ የኔ እጅ ነው" ልለው ፈልጌ ተውኩት። ባለቤቴን በብብቱ ይዤው ሁለቱን ደረጃ መልሰን ወጣን። ቀጠሮው አለፈ።

ከአልጋው እስከ በሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ከአልጋው እስከ ማሽኔ ስድስት። ከማሽኔ እስከ ወጥ ቤት ዘጠኝ። የዓለም ካርታዬ ይቺው ናት። ጎረቤቴ በመስኮት "አንቺማ ብርቱ ነሽ፣ ከቤት አትወጪ፣ አታማርሪ" አለችኝ። ምርቃት መሆኑ ነው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ወንበሩ መጣ። ቡሎንና ጋሼ ተሸክመው አስገቡት፣ ሳሎኑን ሞላው። አሁን ከአልጋው ወደ ማሽኔ ለመሄድ በጎን መሹለክ አለብኝ።

ባለቤቴን አስቀመጥነው። ፊቱ በራ! ተንፏቆ ተንፏቆ ራሱ በግራ ጥግ፣ በሹፌሩ ቦታ ተደላደለ። ግራ እጁን አየር ላይ አነሳ፣ መሪ እንደያዘ ሰው። ከዚያ በመዳፉ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ መታ መታ አደረገው። ነይ ተቀመጪ ነው።

"ሥራ አለኝ" አልኩት። አለኝም፤ የሚኒባሱ ሰውዬ እየጠበቀ ነው።

ጋሼ ቆዳውን እየዳበሱ "አይ ወንድሜ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭቃ ያላስነካት! እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?" አሉ።

አንድ ቀን ብትነካ ኖሮ ምን ትሆን...

ይሁን ተይው። ክር ልግዛ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ስወጣ የልጄ መስኮት ክፍት ነበር። በስልክ ታወራለች።

"የሥራ ውሉን ፈርሜያለሁ። መስከረም ላይ እጀምራለሁ... አይ፣ ለእማዬ አልነገርኳትም። መኪናዋ ስታልቅ እነግራታለሁ። ቢያንስ መኪናዋ ካለች ብዙ አይከብዳትም ብዬ ነው... አዎ፣ ሩቅ ነው፣ የአንድ ቀን መንገድ።"

እርጥብ አንሶላ እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ደረቴ ሁሉ ራሰ።

ልጅ መሄድ አለበት። እኔ ነኝ ተማሪ ያልኳት። ሐሳቧም መልካም ነው፣ የኔ እናት፣ ለኔ አስባ ነው መኪናዋን ሳትጨርስ የማትሄደው። ግን መኪናዋ ብታልቅስ ማን ሊነዳት ነው? እስካሁን ጋራዥ ውስጥ በሸራ ስር ቆመች፣ ከእንግዲህ ደግሞ በር ላይ አውቶማቲክ ሆና ትቆማለች።

ራት ላይ "ደክሞሻል እንዴ እማዬ?" አለችኝ። "ዝናቡ ነው" አልኳት። በዚህ ቤት ሁላችንም አንዳንድ ያልተናገርነው ነገር ይዘን ቁጭ ብለናል። መናገር አቃተው የሚባለው ግን እሱ ብቻ ነው።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ጋሼ ጠዋት መጡ። ልጄ ሥራ እስክትሄድ ጥግ ላይ ቆመው የጠበቁ ይመስለኛል።

"እህቴ፣ 'ይቅር ብሏል' በይና ይለቅ። ማን ያረጋግጥብሻል? የማሳደሱን ነገር ለኔ ተይው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። የአሮጌ መኪኖች ትርኢት አለ፤ የአባታችን መኪና ከፊት ትቆማለች።"

"ከትርኢቱ በኋላስ ጋሼ?"

"ከዚያማ እኔ ጋ ትቀመጣለች። ደረቅ ቤት አለኝ፣ ሸራ አለኝ።"

"ወንድምዎስ?"

ወደ አልጋው አዩ። ተኝቶ ነበር፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ። "እሱማ... ያው እሱማ እቤቱ ነው" አሉ።

ልክ ነው፣ እቤቱ ነው። እኔም እቤቴ ነኝ። ሸራ ብቻ ነው የቀረን።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። ድምፃቸው ተለወጠ። "አባታችን ማርሽ ሲያስገባ በትንሿ ጣቱ ነበር የሚገፋው። እኔ ከኋላ ሆኜ ያቺን ጣት ነበር የማየው። ካምቢዮው ከወጣ ያ ሁሉ የት እንደሚሄድብኝ አላውቅም" አሉኝ። ሰው ናቸው እኮ! ኦሪጅናል እያልኩ ሳማቸው የከረምኩት አሳፈረኝ። ደህና አድርጌ ብጠላቸው እንዴት በቀለለኝ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ እናቴ ያረፈችበት ቀን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ቂም ይዤ አይደለም የምጽፈው፤ ቀኑ ስለሆነ ነው።

ልክ እንደዛሬ ይዘንብ ነበር። ከቀትር በኋላ መልእክት መጣ፤ እናትሽ ደክማለች፣ ትፈልግሻለች ተባልኩ። በመኪና ሦስት ሰዓት ነው፣ የመንገዱ ማለቂያ ጭቃ። ቦርሳዬን ይዤ፣ ጫማዬን አጥልቄ በር ላይ ቆምኩ። እሱ ወጥቶ ሰማዩን አየ። መኪናዋን አየ። በዚያው ሳምንት ነበር ኒኬሏን ያስወለወላት።

"መንገዱ ጭቃ ነው። ዛሬ ይቅር፣ ነገ ጠዋት እንሄዳለን" አለኝ።

ክፉ ሆኖ አይደለም። ትሞታለች ብሎ አላሰበም፣ እኔም አላሰብኩም። ጫማዬን አወለቅሁ። ራት ሠራሁ፣ እንዲያውም ጣፍጦ ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። ሄድን። ቀስ ብሎ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ ሦስቱን ሰዓት አምስት አድርጎ፣ ጋሼ እንደሚሉትም ጭቃ ሳያስነካት አደረሰኝ። ስንደርስ ሰዉ ውጭ ቆሟል።

ያኔ ምንም አላልኩትም። ከዚያም በኋላ አላልኩትም። ምን ይባላል? ያለፈ ነገር ነው። እኔ ቂም የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ለምን ራሴ ተነሥቼ በእግሬም ቢሆን አልሄድኩም? ለምን ጫማዬን አወለቅሁ? ጥፋቱ የዚያ ነው፣ የኔ።

ዛሬም አጠገቡ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገው። ሥራ ነበረኝ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ቡሎን ደወለ። "ሃያ ቀን ቀረኝ እትዬ።" ጋሼ ደወሉ። ልጄ "እማዬ ወሰንሽ?" መርፌ ሁለት ሰበርኩ። የአንዱን ደንበኛ ወንበር ቀኙን ከግራው አዟዙሬ ሰፍቼ ስፈታ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ እግሩን በለብታ ውሃ አጠብኩለት። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ልጄ ሥራ ነች፣ ማንም ስለ መኪና አላነሳም።

"ይቅ... ር" አለኝ።

"እሺ፣ እሺ፣ ለቡሎን እነግረዋለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። አይደለም እንደማለት። ግራ እጁ መጥቶ አናቴ ላይ አረፈ። ከባድ ነው እጁ። ጎንበስ ብዬ ቆየሁ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ።

ያቺ መኪና ከሐሳቡ አትወጣም ማለት ነው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ የሰጠን የንግግር መለማመጃ ወረቀት አለ። ልጄ ጠዋት ጠዋት ታስጠናዋለች። ዛሬ አልጋው ላይ ሊጋደም ሲል ጣቱን ቀስሮ "ትራስ" አለ። ጥርት አድርጎ! ልጄ ዘላ አቀፈችው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት "እሷ" ብሎ ነው የጠራት፤ በርዷታል፣ አሟታል፣ ዛሬ አኩርፋለች። እኔም "ጣውንቴ" እያልኩ እቀልድባት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስለ ካምቢዮው ተጠይቆ ነው እንበል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስለ እሷ ቢሆን ኖሮ "ትቅር" ይል ነበር። "ት" ምላሱ ላይ አልመጣለት ብሎ ነው እያልኩ ነበር ለራሴ። ይኸው መጣለት። ትራስ።

እንግዲህ ስለ መኪናዋ ምንም አላለም ማለት ነው። ከሰኔ ጀምሮ አንዲት ቃል አላለም። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ የሌለ መልስ ተሸክሜ፣ ለሰው ሁሉ "ገና ነኝ፣ ገና ነኝ" ስል።

ሌላው ሌላ ነው። አልጽፈውም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ቀደድኩት።

ቁርሱን አብልቼ ከወንበሩ ትይዩ አስቀመጥኩት። የፊቱን ወንበር በጠመኔ ከመደገፊያው አናት እስከ መቀመጫው ጫፍ አሰመርኩበት። እኩል አልከፈልኩትም፤ ወደ ውጭ ለሚዞረው ሰፊውን፣ ለሹፌር ጠባቡን። ምላጩን ያዝኩ። ባለቤቴን አየሁት፤ ግራ እጁን ያነሳል ብዬ። አላነሳም።

ያን ቆዳ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ የሰው ስለት ነክቶት አያውቅም። ጮኾ የሚቀደድ መስሎኝ ነበር። አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ተከፈተ። ከውስጡ ያረጀ ዱቄት ቡን አለ፣ የወንበሩ ጥምዝ ሽቦ ብቅ አለ። እስከ መጨረሻው ሄድኩ። መሃል ላይ ባቆም ኖሮ መልሼ እሰፋው ነበር፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ለቡሎን ደወልኩ። "ቁረጠው" አልኩት።

"ጋሼ ያውቃሉ እትዬ?"

"ወንበሩን ቀድጃለሁ። አሁን ቁረጠው።"

ወንድሙም ልጁም "እሱ ያለውን ንገሪን" ነው ያሉኝ። እሱ ምንም አላለም። እንግዲህ የቀረ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ጋሼ ሰምተው መጡ። ወንበሩን ሲያዩ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

"አባታችንን ቀደድሽው!"

"ቆዳ ነው የቀደድኩት ጋሼ።"

"ይቅር ብሎ ሳለ! በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ይቅር ብሏል!"

"ብሏል። ለእርስዎ አይደለም ያለው።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

ሁሉም አየኝ፣ ባለቤቴም ጭምር። እሳቸው "እግሬ ይህን ቤት አይረግጥም" ብለው ጃንጥላቸውን ረስተው ዝናቡ ውስጥ ወጡ። ልጄ ጃንጥላውን ይዛ ሮጠች። ስትመለስ እሷም ረጥባ፣ ቆማ አለቀሰች። የመስከረሙን ነገር ሁሉ ነገረችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

"ከመቼ?"

"ከሐምሌ 13።"

"እና እያወቅሽ ለምን ቆረጥሽው? ማን ሊነዳት ነው እማዬ?"

"ፀጉርሽን አድርቂ፣ ጉንፋን ይይዝሻል" አልኳት።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ልጄ ሥራ ገባች። ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈለግሁ። ስፖንጅ ቆረጥኩ፣ የሁለቱን ወንበር ጠርዝ ዙሪያውን ሰፋሁ፣ ክሩን አጸዳሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሁሉም አለቀ። ምንም የቀረኝ ሥራ የለም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ስለ መኪናዋ ከሆነ አልቋል። ቀድጃታለሁ፣ አይተሃል። የምትለው ካለህ በል" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። የለኝም።

"ስለ እናቴ ከሆነ ግን" አልኩና ኮሌታውን አስተካከልኩለት። ከዚያ፣ "ስለ እናቴ ከሆነ ደግመህ በለው። ደህና አልሰማሁም ነበር።"

ዓይኑ ሞላ። "ይቅ... ር... በ..." ብሎ ምላሱ እምቢ አለው። ድሮ ቢሆን እጨርስለት ነበር፤ አራት ወር ሙሉ ያልጨረስኩለት ቃል የለም። ዛሬ አልጨረስኩለትም። ጠበቅሁት። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ጠፋው። በሦስተኛው፣ ግንባሩ በላብ እንደራሰ፣ "በይኝ" ወጣ።

"ሰምቻለሁ" አልኩት።

ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። ሌላ የሚመለስ መልስ አለ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አፌ ላይ አልመጣም። ቂም የለኝም ስል የኖርኩት ሴትዮ የት እንደሄደች እንጃ። እሱ ዓይኑን ጨፈነ፣ እሺ እንደማለት። ፊቱን አጠብኩለት። የራሴንም ታጠብኩ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ልጄ እረፍት ነች። ሁለቱን ወንበር አስጭኜ ጋራዥ ሄድኩ። ቡሎን ወለሉን ቆርጦ ጨርሷል፤ ባዶው ስር እርጥቡ መሬት ይታያል። ቆሜ አየሁት። መመለሻ የለውም።

የተሳፋሪውን ወንበር በማዞሪያው ላይ አሰረውና አንዴ ወደ ውጭ አዞረው። ሠራ። ከዚያ የሹፌሩን አስገብቶ፣ "ይሄኛው ሐዲድ የለውም እትዬ፣ አንዴ ከበየድኩት ወዲህ ወዲያ አይልም። ልጅዎ ረጅም ናት፣ ወደ ኋላ ላርገው?" አለኝ።

"የምትነዳው እሷ አይደለችም።"

"ታዲያ በማን እግር ልሥራው?"

በባዶው ወለል ላይ ጣውላ አጋድሞልኝ ነበር። በዚያ ተሻግሬ ተቀመጥኩ።

"መሪ ይዘው ያውቃሉ እንዴ?"

"አላውቅም።"

"መንጃ ፈቃድስ?"

"የለኝም።"

"እንግዲህ እትዬ..."

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ሰጠሁት። እግሬን ወደ ፔዳሉ ዘረጋሁ።

"ለካ" አልኩት።